የእግር እሳት

እናቱ የእሱን አውቶቡስ አሳልፈው የሚስቱን መጠበቅ ከጀመሩ ምን ያህል እንደቆዩ ጥጡ አያውቅም። ያወቀው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፌርማታው ጋ ሲደርስ እናቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በሩን ከፈተና ወደ ኋላ ዞሮ፣ "እስቲ ለእናቴ አንድ ቦታ" አለ። አንድ ሰውዬ ተነሳላቸው። እናቱ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም።

"እማዬ፣ ግቢ እንጂ።"

"ሂድ ልጄ፣ ሰው አታስቁም። እሷ ከኋላህ አለች።"

"እሷ ማናት?"

"ሚስትህ ናታ። የኔን ዳሌ ታውቀዋለህ፤ አንተ ስትነሳ ነጠቅ ታደርገኛለህ።" ዶሮ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወናጨፉ። "ሂድ፣ ሂድ በቃ።"

የተነሳው ሰውዬ ተመልሶ ተቀመጠ። መሀል ላይ የቆመች ሴት ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ጥጡ በሩን ዘግቶ ሄደ፤ ዓይኑ ግን መስታወቱ ላይ ቀረ። የሚስቱ አውቶቡስ ከኋላ መጥቶ ፌርማታው ላይ ቀስ ብሎ ቆመ፤ እናቱም ምርኩዛቸውን አስቀድመው ገቡ። 

ጥጡ የወጣለት ስም ነው። አውቶቡስ ሲያቆም ጥጥ ላይ ያስቀመጠው ይመስላል ብለው የዴፖው ሰዎች ያወጡለት፣ እሱም እንደ ሹመት ደረቱን ነፍቶ የተቀበለው ስም። እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ላይ የተኛ ሕፃን አይነቃም ይባል ነበር። ሚስቱ ያኔ እዚያው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበረች። እሷ ከኋላ "ወራጅ አለ" ስትል እሱ ይቆማል፤ "ሂድ" ስትል ይሄዳል። ሲጋቡ ጓደኞቻቸው፣ "ቤት ውስጥም ያው ነው የሚሆነው" ብለው ቀለዱባቸው፤ ቀልዱ ብዙም አልሳተም።

መንጃ ፈቃድ ላውጣ ስትለው ደስታውን አልቻለውም። እሁድ እሁድ ባዶው ዴፖ ውስጥ አሮጌ አውቶቡስ መሪ ላይ ያስቀምጣትና ከጎኗ ቆሞ ያስተምራታል። "ፍሪሲዮኑን አትልቀቂው፤ አስረክቢው" ይላት ነበር። "ያንቺ እግር ሲለቅ ሞተሩ ይቀበልሻል፤ መሀል ላይ የሚወድቅ ነገር መኖር የለበትም።" ፈተናውን ስታልፍ ከእሷ ይልቅ የጨፈረው እሱ ነው። ዴፖው ውስጥ ትኬት ቆራጯ የነበረችው ሴትዮ፣ ከስሟ ላይ ትኬቱ ወደቀ፣ አንዲት ፊደል ተለወጠች፣ "ቆራጧ" ተባለች። በዚህ ቀልድ ከሁሉም በላይ የሳቀ ጥጡ ነበር።

ተማሪው እስከነበረች ድረስ ደግ ነበር። ሰው፣ "ሚስትህ ያንተን ያህል ትነዳለች" ሲለው፣ "ታዲያ ማን አስተማራት?" ይላል፣ ኮራ ብሎ። እያደር ወሬው ተለወጠና፣ "ሚስትህ ሳትበልጥህ አልቀረችም" ማለት ተጀመረ። ጥጡ አሁንም፣ "ታዲያ ማን አስተማራት?" ይላል፤ ድምፁ ግን ከጉሮሮው ብዙ አይርቅም። በዚያ ላይ ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። የግራ ጉልበቱ፣ ያ ፍሪሲዮን የሚረግጥበት እግሩ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያመዋል። ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነው። ሚስቱ ስታየው ቀለሙን የሚመረምር ይመስል ግድግዳውን ይዳብሰዋል።

በዚያ ሰሞን ዴፖው ውስጥ ሁለት ወሬ ገባ። አንደኛው፣ መሀሉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ አዲስ ረጅም አውቶቡስ መጥቷል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሾፌሮች ሲነሱና ሲቆሙ የሚወድቅ ተሳፋሪ ስለበዛ፣ የሾፌር እግር ሁሉ ይመረመራል የሚል። ወሬኛ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋቸውና፣ እግሩ የጸና ሰው ረጅሙን አውቶቡስ ይወስዳል ተባለ። ከአለቆቹ እንዲህ ያለ ማንም የለም፤ ግን ሁሉም አመነ።

ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ ሆዱ መሪውን የሚነካው ቦቴ የሚሉት ሾፌር ነገር ጀመረ። "የሴት እግር ለጫማ ነው የተሠራው" አለ። "ፍሪሲዮን ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ተፈጥሮ ነው።"

ቆራጧ ሻይዋን እያማሰለች፣ "ለሩጫም ይሆናል ቦቴ" አለችው። "አንተ ግን አትደርስብኝም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቦቴ ራሱ እስኪያለቅስ ሳቀ። ጥጡም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቀድሞ አለቀበት። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ሲስቅ፣ ድሮ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሰው የሚዞረው ወደ ማን እንደነበር ትዝ አለው።

የምርመራው ዕለት የዴፖው ክሊኒክ ውስጥ አንድ ወንበር፣ ወለሉ ላይ የታሰረ ፔዳልና አንድ ስክሪን ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር አለ። ፔዳሉን ሲረግጡት አረንጓዴ መስመር ይወጣል። ሥራው አረንጓዴውን ቀዩ ላይ አጋድሞ መያዝ ነው፤ እግር ሲንቀጠቀጥ መስመሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። መርማሪው ከሆስፒታል የመጣ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጥፍሩ ንጹሕ ወጣት። ሾፌሮቹ ወዲያው "የእግር ሐኪሙ" አሉት።

ቦቴ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀ። "ዶክተር፣ እውነቱን ንገረን። በእግር ጽናት ወንድ ነው ሴት የሚበልጠው?"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "ቀላል ኃይል ለአጭር ጊዜ ሲያዝ፣ የሴቶች መስመር በአማካይ ትንሽ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ልዩነት አላየንም የሚሉም አሉ። ረጅም ጊዜ መያዝ ሲሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴቶቹ ዘግይተው ነው የሚደክሙት። ግን ይኼ ሁሉ አማካይ ነው ጋሼ። አማካይ አውቶቡስ አይነዳም።"

ቦቴ የሚፈልገውን ቆርጦ ወሰደ። በር ላይ ተሰልፈው ለሚጠብቁት፣ "በአማካይ ወንድ ይበልጣል" ብሎ አስተላለፈ። ወሬው ሰልፉ ጫፍ ሲደርስ አማካዩ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቶ ነበር።

ጥጡ ተቀመጠ። ሐኪሙ ጭኑና ባቱ ላይ ሽቦ ያላቸው ክብ ተለጣፊዎች ለጠፈለት። ፔዳሉን ረገጠ። አረንጓዴው መስመር ወጥቶ ቀዩ ላይ ተኛ፤ እንደተወጠረ ክር። ከኋላው የቆሙት ሾፌሮች አጉረመረሙ። "ጥጡ መቼም ጥጡ ነው" አለ አንዱ። የዚያን ያህል ደስ ያለው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ቀጥሎ ሚስቱ ተቀመጠች። ሐኪሙ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ እንድትሰበስብ ጠየቃትና ጎንበስ ብሎ ባቷን በጥጥ ጠረገ። "ይቅርታ እህቴ፣ ትንሽ ይቀዘቅዛል" አላት። እሷ ደግሞ፣ "ኧረ ይኮረኩራል" ብላ ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፣ ከአፍንጫዋ የምትጀምር። ጥጡ ያቺን ሳቅ ያውቃታል። መጀመሪያ የወደዳት በእሷ ነው። ሐኪሙ ተለጣፊውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ሲያደርገው፣ ጥጡ የልጁን ጣት ትክ ብሎ ተመለከተ። ጣቱ ሥራውን ብቻ ነበር የሚሠራው። ይኼ ግን ቆሽቱን ከማረር አላዳነውም።

መስመሯ እንደ እሱ አልነበረም። ቀዩን አልለቀቀም፤ ግን ጠርዙ እንደ ትንሽ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ አወጣ። ቦቴ ጥጡን በክርኑ ጎሸም አደረገው። "ምን አልኩህ?" የጥጡ ውስጥ ፈነጠዘ። ሚስቱ በመንቀጥቀጧ እንደዚያ መደሰቱ ለአፍታ አሳፈረው። ኀፍረቱ ሄደ፣ ደስታው ቀረ።

ሁለተኛው ምርመራ እስኪደክሙ ድረስ መያዝ ነው። ጥጡ ያዘ። መጀመሪያ ቀላል ነበር፤ ከዚያ ጉልበቱ መሞቅ ጀመረ፣ ከዚያ ነደደ። መስመሩ እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ አለ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጥርሱን ነክሶ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ እግሩ ራሱ ወደቀ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና ልቡ ላይ መዘገበው።

የሚስቱ ተራ ሲደርስ መስመሯ ያንን ጥቃቅን ጥርሱን እንደያዘ ቀጠለ። አልባሰም፣ አልተሻለም። ቀጠለ ብቻ። ሾፌሮቹ ቀልዳቸውን አቆሙ። እሷ ስክሪኑን እያየች በእርጋታ ትተነፍሳለች፤ ከግንባሯ ላይ ጠብታ ላብ የለም። ጥጡ ሰዓቱን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። እሱ የወደቀባት ደቂቃ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

"ደከመኝ" አለችና ጫማዋን ፈለገች።

ቦቴ ጥጡን አቅፎ ከመሬት አነሳው። የዚያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ ጥጡ ዞሮ ሳቀ።

ደስታው የቆየው ሐኪሙ ለውጤት እስኪጠራው ድረስ ነው። "የግራ ጉልበትዎ ይታመማል አይደል?" አለው ሐኪሙ በሩን ዘግቶ። "ጡንቻው ሕመሙን እየሸሸ ስለሆነ ሳስቷል። ልምምድ ያስፈልግዎታል። ካልሆነ ይብስበታል፤ ተሳፋሪም ይሰማዋል።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው? ያሸነፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ውድድር መቼ ነበር ጋሼ? ባለቤትዎን ይውሰዱ። ጡንቻ ሊደክም ሲል ማሽኑ ላይ ምልክት ይታያል። እሳቸው ጋ ምንም አልታየም። ገና ነበሩ። ለምን እንዳቆሙ እኔም ገርሞኛል።"

ልጁ ክፋት አስቦ አልነበረም። እንዲያውም ነገሩን ጣል አድርጎ ወደ ልምምዱ ሄደ፤ ጎማ እንዴት እንደሚስብ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን እንዴት እንደሚዘረጋ አሳየው። ጥጡ አንዱንም አልሰማ።

ማታ እራት በልተው ሲጨርሱ ሚስቱ ሳህን ታጥባለች። እሱ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ቆመ።

"እውነት እግርሽ ደክሞሽ ነበር?"

እጇ አልቆመም። "ካወቅክ ለምን ትጠይቀኛለህ?"

"ለምን ለቀቅሽው?"

"ሰዓቱን ስታይ አየሁህ። ፊትህንም አየሁት። እነሱ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ ካንተ ጋር የምገባው እኔ ነኝ። እራቴን በሰላም ልብላ ብዬ ነው።"

ቢያሸንፉት ይሻለው ነበር። ሽንፈት ቢሆን ቢያንስ የራሱ ነው፤ ይኼኛው ግን ማሸነፉንም የእሷ አደረገው፤ ቆርሳ የሰጠችው ነገር ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሯ ሁሉ የእግር እሳት ሆነበት። ደረጃ ስትወጣ የእግሯ ኮቴ እኩል እኩል ሲሰማ ይበግነዋል። ወንበር ላይ ወጥታ አምፖል ስትቀይር፣ አንድ እጇን እንኳ ግድግዳው ላይ ሳታሳርፍ ስትወርድ፣ ሆን ብላ ይመስለዋል። ስለ ሐኪሙ ልምምድ አልነገራትም። ብትሰማ የምታዝንለት እየመሰለው፣ ገና ያላየው ሐዘኗ ከወዲሁ አንገሸገሸው።

በሳምንቱ የስምሪት ኃላፊው፣ እስክሪብቶ ከጆሮው የማይለየው መላጣ ሰውዬ፣ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። "ረጅሙን አውቶቡስ ቆራጧ ትይዛለች" አለ። "ተሳፋሪ ደውሎ የሚያመሰግነው እሷን ነው። ምርመራው ለሕክምና እንጂ ለሹመት አልነበረም፤ ጥጡ፣ አንተም ሐኪሙ ያለህን አድርግ።"

"ይገባታል" አለ የጥጡ አፍ። ሌላው ሰውነቱ አልተስማማም።

ረጅሙን አውቶቡስ በያዘች በሁለተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሜካኒኮቹ ጋራዡን ዘግተው ሄደው፣ ሚስቱም ከሴቶቹ ትኬት ቆራጮች ጋር ልትበላ ገብታ ሳለ፣ ጥጡ የዳዶ መፍቻ ይዞ ረጅሙ አውቶቡስ ሥር ገባ። ከፔዳሉ ወደ ታች የሚወርደውን ዘንግ አገኘው። ጫፉ ላይ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ የሚወስን ዳዶ አለ። አዞረው። ትንሽ አሰበ፣ ጨመረለት፤ እንደ ልማዱም ዳዶውን በመሐረቡ ጠረገው። አንድ ጊዜ ብቻ ይዝለልባት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ይጩህባት፣ ለራሱ ያለው ይኼንን ነው። ሰው ምን ይሆናል? የእኔስ ሲዘል ማን ሞተ? ወጥቶ እጁን ታጠበ፣ ምሳውንም በላ። 

ከሰዓት የሁለቱም መስመር አንድ ነበር፤ እሷ ቀድማ ወጣች፣ እሱ ተከተለ። ትልቁ መንገድ ላይ ሲደርስባት በመሀላቸው ሁለት መኪናና አንዲት ስኩተር የምትነዳ ሴት ብቻ ነበሩ። ሆስፒታሉ በር ያለው ፌርማታ ላይ ረጅሙ አውቶቡስ ቆመ። ሰው ተንጋግቶ ገባ። ከሁሉም ኋላ፣ ምርኩዛቸውን አስቀድመው፣ የጥጡ እናት ገቡ።

ማክሰኞ መሆኑን ረስቶት ነበር። እናቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ዳሌያቸውን የሚታከሙት እዚያ ነው።

ጥጡ ጥሩምባውን ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። ሚስቱ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ሰላምታ ሰጠችውና መንገዷን ቀጠለች። በሩን ከፍቶ እንዳይሮጥ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ነው፤ ከፊትም ከኋላም መኪና ይዞታል። ከሆስፒታሉ በኋላ ደግሞ ዳገቱ አለ፤ ከተማው ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀጥ ያለው፣ መሀሉ ላይ የትራፊክ መብራት የተተከለበት፣ ማን እንደተከለው ሾፌር ሁሉ ሲረግመው የሚኖረው ዳገት።

መብራቱ ቀይ ሆነ። ረጅሙ አውቶቡስ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ። ባለ ስኩተሯ ሴትዮ ከአውቶቡሱ ኋላ ተጠግታ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች። አውቶቡሱ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ቢንሸራተት እሷን ነው የሚያገኘው፤ ወደ ፊት ቢዘል ደግሞ ውስጥ ቆሞ የተሳፈረው ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ነው። እናቱ ወንበር አግኝተው ይሁን ቆመው አይታየውም። ጥጡ መሪውን ሁለት እጁ እስኪነጣ ጨበጠው። "አንቺ ልጅ፣ ቀስ" አለ ለራሱ፤ እሁድ እሁድ በሚያስተምርበት ድምፅ።

አረንጓዴ በራ። የረጅሙ አውቶቡስ ሞተር ድምፁን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አደረገና አንድ ትንፋሽ ያህል እዚያው ያዘው። ጥጡ ምን እያደረገች እንደሆነ ገባው። ግራ እግሯ ቦታውን የቀየረውን ፍሪሲዮን በጨለማ እንደሚዳስስ ሰው እየፈለገው ነው፤ ቀኝ እግሯ ደግሞ ያንን ሁሉ ክብደት ይዞ ይጠብቃል። አገኘችው። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሳይል፣ ሳይዘል፣ የሚታጠፈው መሀሉ እንኳ ሳይንገራገጭ ተነስቶ ወጣ። ባለ ስኩተሯም ተከተለች።

መጀመሪያ የመጣው እፎይታ ነው፤ ከልቡ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን እንባው ሳይወርድ ያ ሌላው ነገር ደረሰበት፣ ከመቼውም ይልቅ ገዝፎ። በተበላሸ ፍሪሲዮን፣ በሙሉ ጭነት፣ በዚያ ዳገት ላይ። እሱ በደህናው ጊዜ፣ ጉልበቱ ሳይታመም፣ እንዲህ ያደርግ ነበር? አያደርግም። ይኼንን ያወቀው እሱ ብቻ ነው፤ ለዚያውም እንዲያውቀው ራሱ ደክሞ፣ አውቶቡስ ሥር ተጋድሞ።

የእሱ ተራ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። አውቶቡሱ እንደ በቅሎ ዘለለ፤ ኋላ ያሉት ተንጋጉ፣ የአንዲት ሴት ዘንቢል ተገልብጦ ሽንኩርቱ በየወንበሩ ሥር ተንከባለለ። "ሰውዬ፣ ድንጋይ የጫንክ መሰለህ?" አለው አንድ ሽማግሌ። 

ያን ቀን አምሽታ ገባች። እራት አቅርቦ ጠበቃት፤ ሳትበላ ትይዩው ተቀመጠች።

"ከምሳ በኋላ ፍሪሲዮኔ ሌላ ሆነብኝ" አለች። "ዴፖው በር ላይ ገና ስነሳ ነው የታወቀኝ። ሜካኒክ ነክቶት ይሆናል ብዬ እየለመድኩት ሄድኩ። ማታ ስመለስ ሥሩ ገብቼ አየሁት። ዳዶው ተጠርጓል። ከሥራ በኋላ ዳዶ በመሐረብ የሚጠርግ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው ያየሁት።"

ጥጡ ሳህኑን አየ። ሊክድ አፉን ከፈተና ዘጋው። "አንድ ጊዜ እንዲዘልብሽ ብዬ ነው" አለ። "አንድ ጊዜ ብቻ።"

"እማማ ወንበር አላገኙም ነበር። እኔ አጠገብ፣ ብረቱን ይዘው ነው የቆሙት። ሰው ላስነሳላቸው ስል አረንጓዴ በራ።" ድምፅዋ አልጨመረም፤ ይኼ ነው የከበደው። "ከምን ተነስተህ ነው? ምን አድርጌህ?"

"ምንም አላደረግሽኝ።"

"ታዲያ?"

"ትበልጪኛለሽ።" ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጥርስ የሚነቅል ያህል አመመው። "ምንም ሳታደርጊኝ ትበልጪኛለሽ። ይኼንን መሸከም አቃተኝ።"

ከዚያ ተነስታ ልብሷን በቦርሳ ሸከፈች። "ነገ ጠዋት ለኃላፊው አንተው ትነግረዋለህ። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደዚህ ቤት አልመለስም።"

"የት ልትሄጂ ነው?"

"እናትህ ጋ።"

በማግስቱ ነገረው። ኃላፊው እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጥጡ ያንን ሰውዬ ያለ እስክሪብቶ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ከመንገድ አገዱት። መንጃ ፈቃዱን ተቀብለው ለጥቂት ወራት ዴፖው ግቢ ውስጥ አውቶቡስ የሚያጥብና ጎማ የሚፈትሽ አደረጉት፤ እግሩንም እስኪታከም ድረስ መሪ እንዳይነካ አሉት። ወሬው ሻይ ቤት ሲደርስ ቦቴ እንኳ ሊቀልድበት አልቻለም። አጠገቡ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው፤ ይኼ ከስድብ ይበልጥ አቆሰለው።

እናቱ አንድ ቀን ዴፖው ድረስ መጡ። ቱታው በሳሙና ርሶ አገኙት።

"እማዬ፣ ምን አለችሽ ስለ እኔ?"

"ስላንተ አንድም ቀን ክፉ አልተነፈሰችም። ክፉ የማወራው እኔ ነኝ፤ እሷ ሰምታ ትተኛለች።" እርጥቡ አግዳሚ ላይ በጥንቃቄ ተቀመጡ። "እኔን ብትጥለኝ አንተ ምን ልትል ነበር?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አሉ እናቱ። "አሁን እዚያ የእግር ሐኪም ጋ ሂድ።"

ሄደ። ሐኪሙ እንደ ድሮው ዝግ ባለ ድምፁ ተቀበለው፤ ሰምቶ እንደሆነም አላስታወቀበት። ጥጡ በየሁለት ቀኑ ፔዳሉ ላይ ተቀምጦ መስመሩን ይይዛል፣ ጎማውን ይስባል፣ ከወንበር እየተነሳ ይቀመጣል። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ሲወርድ ግድግዳውን መያዝ እንደረሳ የገባው ከወረደ በኋላ ነው። ቅናቱ ግን እንደ ጉልበቱ አልሆነም። ጠዋት ጠዋት ጎማ እየፈተሸ ረጅሙ አውቶቡስ ከዴፖው ሲወጣ ጆሮው ይቆማል። እንዲዘልባት ይመኛል፤ ወዲያው እንዳይዘልባት ይመኛል። አንድም ቀን አልዘለለም።

የግቢ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። ሚስቱ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። ገባችና ሳሎኑን ቃኘች፤ ቤቱ ከተወችው የተሻለ ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ሴት የምትጎበኘው መስሏት እንደሆነ እንጃ፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጥጡ አየውና፣ ክፉ ሰው አትበሉትና፣ ትንሽ ደስ አለው።

"እኔው ነኝ ያጸዳሁት" አላት።

"ጠየቅኩህ?"

ሻይ አፍልቶ አቀረበላት። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። "አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ ተመልሰሽ ሂጂ። ይቅርታ ብያለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን እስካሁን እቀናብሻለሁ። ይለቀኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልለቀቀኝም።"

"አውቃለሁ" አለች፣ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ። "ቅና። እኔ ላስቀርልህ አልችልም፣ እግሬን ቆርጬ አልጥልልህ። እጅህን ግን ከፍሪሲዮኔ አንሳ።"

"አነሳሁ።"

"ሁለተኛ ነገር። አሸንፈህ ደስ እንዲልህ ብዬ ከዛሬ ጀምሮ ምንም ነገር አልለቅልህም። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔም ነኝ።"

"አትልቀቂልኝ" አለ ጥጡ። 

ቦርሳዋን ወደ መኝታ ቤት ይዛ ገባች። መሳቢያው ሲከፈትና ልብሷን እያጠፈች ስታስገባ ይሰማዋል። ትንሽ ቆይታ ከውስጥ ተጣራች፤ የማለዳ ተረኛ ስለሆነች የሰዓቱን ደወል እንዲሞላላት፣ እናቱም ነገ ምሳ እንደሚመጡ፣ እሱ ካላበሰለ እንደማይበሉ መማላቸውን ነገረችው። ጥጡ ደወሉን ሞላና ነገ የሚያበስለውን ሽንኩርት ለመላጥ ወደ ኩሽና ገባ።